ከሳጥኑ የወጣችው ፎቶ

እናቴ አንድ ሳጥን ሙሉ ሥዕልና ፎቶ ነበራት። ሰው በግ በሚቆጥርበት አገር እሷ ሥዕል ትሰበስባለች። የሞላሌ ዙሪያ ሰው ደግሞ ነገር አያልፍም፤ ገበያ ላይ ሲያገኟት «የትርሲት በጎች እንዴት ከረሙ?» ይሏታል። «ደህና ናቸው፤ ሣርም አይሹ፣ ቀበሮም አይበላቸው» ትላለች። መልስ ለእናቴ ማን ብሏት። እኔ መልኬ ሁሉ ወደ አባቴ ወገን ሄዶ ከእሷ የወሰድኩት አፏን ብቻ ነው። ስለዚህ ነገሬ ወዲያ ወዲህ ቢል አትቀየሙኝ፤ መንገዱን አልስትም።

ሳጥኑ የቆርቆሮ ነው። ክዳኑ ላይ የነበረችው ጽጌረዳ ተፍቃ ግንዷ ብቻ ቀርቷል። እናቴ ከመርሐቤቴ፣ ከዓለም ከተማ፣ ለአባቴ ለባስልዮስ ተድራ ስትመጣ ይዛው የመጣችው ነው። የቆላ ልጅ ናት። የመንዝን ብርድ እስከ ዕድሜዋ መጨረሻ አልለመደችውም፤ ጭጋጉ ወርዶ ከደጅ ያለው አጥር እንኳ አልታይ ሲል በሩን ዘግታ፣ ሳጥኗን ከፍታ፣ ያላትን ሁሉ አልጋው ላይ ትዘረጋለች። ያኔ እኔ የስምንት ዓመት ልጅ ነኝ። እግሬን አጥፌ አጠገቧ እቀመጥና አንድ በአንድ እየጠቆምኩ «ይቺስ?» እላታለሁ። ለእያንዳንዷ የምትለው አላት።

ወንድሟ መርስዔ ኃዘን ቆሎ ተማሪ ሳለ በብራና ቁራጭ ላይ በቀይና በጥቁር ቀለም የሣላት ሐረግ ነበረች፤ የመጽሐፍ ራስ ላይ የሚሣለው የተጠላለፈው ጌጥ ማለቴ ነው። አንዱ ጥግዋ አላለቀም። «ያላለቀ ነገር ነው የሚናፍቅ፤ ያለቀውማ ይረሳል» ትላለች። ከካላንደር የተቀደደ የባሕር ፎቶም አላት። «ባሕር አይተሽ ታውቂያለሽ?» ብዬ ጠየቅኋት አንድ ቀን። «የት አባቴ አይቼ። ግን ይናፍቀኛል። ሰው ያላየውንም ይናፍቃል፤ አለዚያማ መንግሥተ ሰማያትን ማን ይናፍቅ ነበር?» አለችኝ። ከጓደኞቿ ጋር የሎሚ ዛፍ ሥር ቆማ ፀሐይ ዓይኗን አጥበርብራት የተነሣችው ፎቶም ነበረች። የማናውቀው ሰው ጉርድ ፎቶ ደግሞ ነበረ፤ ዓለም ከተማ መናኸሪያ ወድቆ ያገኘችው። «ማነው?» ስላት፣ «እኔ እንጃ። የሚናፍቀው ሰው መቼም አያጣም። እስኪያገኙት እኔ ልናፍቀው ብዬ ነው።»

ከሁሉ በላይ የምትቀመጠው የአባዬ ናት። ሊዘምት ሰሞን ሞላሌ፣ አፈወርቅ ፎቶ ቤት የተነሣት ናት። ከኋላው መጋረጃ ላይ አውሮፕላን ተሥሏል፤ መሰላሉ ሳይቀር። አባዬ ጥቁር በርኖሱን ደርቦ፣ አንድ እጁን የፕላስቲክ አበባ ላይ ጭኖ፣ ትንፋሹን ውጦ ቆሟል። ሌላ ፎቶ የለውም። እኔ መጋረጃ መሆኑ መቼ ገብቶኝ። አባዬ በዚያ አውሮፕላን ሄደ፣ በዚያው ይመለሳል ብዬ ነበርና ሰማይ ላይ አንዳች ነገር ሲያጓራ ቤት ውስጥ የሚይዘኝ አልነበረም።

አሁን አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ ያለሱ ቀጣዩ አይገባችሁም። ከእኔ በታች ወንድ ልጅ ነበረን። እናቴ እሱን ስታጠባ መርስዔ ኃዘን ዓለም ከተማ ላይ ታሞ ሞተ። ዘመድ ተሰብስቦ በወጉ ሊያረዳት ሲመክር አንድ አፉን የማይጠብቅ ሰው ገበያ መሀል «ወንድምሽን ነፍስ ይማር» አላት። ድንጋጤው ጡቷን አደረቀው። የላም ወተት በጥጥ እየነከሩ ሞከሩ፤ ገብስ በጥብጠው ሞከሩ፤ አልሆነም። ልጁ ሞተ። ከዚያ ወዲህ የአባዬ አባት፣ አያቴ ቄስ ገብረየሱስ፣ ለቤተሰቡ ሁሉ አንድ ነገር ደነገጉ፦ ሰማይ ተደፍቶ ምድር ቢገለበጥ፣ የዚህ ቤት አራስ ልጇ ክርስትና ሳይነሣ መርዶ አትሰማም።

አባዬ የዘመተው በዘጠና ክረምት ነው። ባድመ የሚባል አገር መኖሩን የሰማነውም ያኔ ነው። ሲሄድ እናቴ ነፍሰ ጡር መሆኗን ራሷም አላወቀችም። ልጁ የተወለደው በተከታዩ ዓመት፣ ዳግማይ ትንሣኤ ባለፈ ሰሞን ነው። ወንድ። የአባቴ እህት እትዬ ተሾመች ልታርሳት መጣች፤ ጉልበተኛ፣ ሳቂታ፣ ሰው ሲያለቅስ ካየች ቀድማ የምታለቅስ ሴት ናት።

አንድ ቀን ጠዋት እናቴ እሳት ጭሪና ነይ ብላ ወደ አያቴ ቤት ሰደደችኝ። ከእኛ ዝቅ ብሎ ያለው የድንጋይ ቤት ነው። ስገባ ወንድምአገኝ መደቡ ላይ ተቀምጧል። ወንድምአገኝ የአባዬ የልብ ጓደኛ ነው፤ አብረው ነው የዘመቱት። አንድ እግሩ በፋሻ ተጠቅልሎ ክራንቹ ግድግዳ ተደግፏል። እትዬ ተሾመች የነጠላዋን ጫፍ አፏ ውስጥ ሰግስጋ መሬት ቁጭ ብላለች። አያቴ መስቀላቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ያዩታል እንጂ ማንንም አያዩም።

«አብረን ነበርን አባ» ይላል ወንድምአገኝ። «እስከ መጨረሻው ከጎኑ አልተለየሁም።»

«በቃ፣ ልጅ ገብታለች» አሉ አያቴ።

እትዬ ተሾመች ዘወር ብላ «ኩበቱ እርጥብ ነው፣ ጭሱ ፈጀን» አለች ዓይኗን እየጠረገች። ምድጃው ውስጥ ግን እሳቱ ወደ ፍም ወርዶ ነበር። ጭስ የለም። ይህን ያየሁት ያኔ ነው፤ የገባኝ ግን ከብዙ ዓመት በኋላ ነው።

አያቴ ጠሩኝና ጉልበታቸው መሀል አቆሙኝ። «ማዕረጌ፣ ወንድምአገኝ መምጣቱን ለእናትሽ አትነግሪም።»

«ለምን አባባ?»

«የወንድምሽ ክርስትና እስኪደርስ ነው። ያን ጊዜ ሁሉም ይነገራታል።»

ልጅ ነኝ እንጂ ሞኝ አይደለሁም አልኩ በሆዴ። ሁለቱ አብረው ነበሩ፤ ካልተለያዩና አንዱ ከመጣ ሌላውም መጥቷል ማለት ነው። አባዬ የሆነ ቦታ ተደብቆ የክርስትናውን ቀን ይጠብቃል። እናቴን ሊያስደንቃት ነው። እሳቱን በገል ይዤ ሽቅብ ስወጣ እግሬ መሬት አይነካም ነበር። አባዬ ያን ቀን ከሞተ ወር አልፎት ነበር።

ከዚያ በኋላ የማየው ሁሉ ለእኔ ማስረጃ ሆነ። መንገድ ላይ የሚያገኙኝ ሴቶች አቅፈው ይስሙኛል፤ ዓይናቸው እንባ ያቀራል። ደስታም ያስለቅሳል ይባል የለ? የአባዬ በርኖስ ከተሰቀለበት ጠፋ። ስጠይቅ እትዬ ተሾመች «ብል እንዳይበላው ፀሐይ ላይ ላሰጣው ወስጄው ነው» አለች። እኔ እሱን ሊያለብሱት ነው አልኩ፤ ቆላ ቆይቶ ስለሚመጣ ይበርደዋላ። የሚጠመቀው ጠላ ደግሞ መጠን የለውም። እናቴ አልጋዋ ላይ ሆና «እትዬ፣ ለአንድ ሕፃን ክርስትና ይህ ሁሉ ጋን ምንድነው?» ስትል፣ «ዘመድ ይበዛል ብለን ነው» ትላለች እትዬ ተሾመች ፊቷን ሳታዞር። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይላሉ። በእኛ ቤት ግን ያን ሁሉ ብቅል ፈጭተን አንድ ቃል አልወጣም።

አንድ ከሰዓት በኋላ እናቴ ልጁን አቅፋ እንቅልፍ ወስዷታል። እትዬ ተሾመች በጣቷ ጫፍ እየረገጠች ሄዳ ሳጥኑን ከፈተች። የአባዬን ፎቶ አንሥታ ደረቷ ውስጥ ሸጎጠች። ቀና ስትል እኔ ጥግ ቁጭ ብዬ አያታለሁ። ደነገጠች። ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች። እኔም ጣቴን ከንፈሬ ላይ አደረግሁ፤ ሳቄ ሊያመልጠኝ ትንሽ ነው የቀረው።

በማግስቱ ገበያ ነበርና እናቴን ለጎረቤት አደራ ብለን ሞላሌ ወረድን። መንገዱን ሙሉ እትዬ ተሾመች አንድም ቃል አልተናገረችም። እሷን ለሚያውቅ ይህ ራሱ ጉድ ነው።

ፎቶ አንሺው አፈወርቅ መነጽር ያደረጉ፣ ቆብ የማይለያቸው ሽማግሌ ናቸው። ፎቶዋን ተቀብለው ወደ በሩ ብርሃን ወሰዷት።

«እኔ ነኝ ያነሣሁት» አሉ። «ትንፋሽህን ልቀቅ ብለው እምቢ አለኝ። ከለቀቅሁት ቁመቴ ያጥራል አለ።» እትዬ ተሾመች አንገቷን ደፋች። ሰውየው አይተዋት ቆባቸውን አወለቁ። «ምን ያህል ላሳድጋት?»

«ከሩቅ የምትታይ።»

«አዲስ አበባ ልኬ አሳጥባታለሁ። ይቺን አሁኑኑ በካሜራ ገልብጬ እመልስልሻለሁ። ፍሬሙ ጥቁር ይሁን?»

«ጥቁር ይሁን።»

«ሰማያዊ ነው የሚሻል» አልኩ እኔ። «እማዬ ሰማያዊ ነው የምትወድ።»

ሁለቱ ተያዩ። «ሰማያዊ ጨርሻለሁ የኔ እመቤት» አሉኝ አፈወርቅና መነጽራቸውን ሊጠርጉ ወደ ግድግዳው ዞሩ። የሚሸጥ ነገር ጨርሶበት እንዲህ የሚያዝን ነጋዴ አይቼ አላውቅም ነበር።

በእኛ አገር ወግ እንዲህ ነው፦ ሰው ከቤቱ ርቆ ሞቶ ሬሳው ካልመጣ ልብሱ ይወጣል፤ በርኖሱ፣ ጠመንጃው። በርኖሱን ዳስ መሀል ዘርግተው በሱ ላይ ያለቅሳሉ። ፎቶ ከመጣ ወዲህ ደግሞ ፎቶው ትልቅ ሆኖ፣ ጥቁር ፍሬም ገብቶ፣ ከልብሱ በላይ ይያዛል። ሬሳው ያ ነው። ይህን የማያውቅ አዋቂ ሰው በመንዝም በመርሐቤቴም የለም። የዘማች ፎቶ ከሳጥን ከወጣች ለምን እንደወጣች ማንም አይጠይቅም።

ስንመለስ እናቴ አልጋው ላይ ሥዕሎቹን ሁሉ ዘርግታለች። ሐረጊቱ፣ ባሕሩ፣ የሎሚው ዛፍ፣ የማናውቀው ሰው። ከሁሉም በላይ ለአንድ ፎቶ የሚበቃ ቦታ ባዶውን ትታለች። እትዬ ተሾመች በሩ ላይ ቀጥ ብላ ቆመች። የአባዬ ፎቶ ደረቷ ውስጥ ናት።

«ገበያው እንዴት ዋለ?» አለች እናቴ።

«ደህና ነው። ጨው ተወዷል።» እትዬ ተሾመች የያዘችውን ሁሉ እንደያዘች ተመልሳ ወጣች።

እናቴ ወደ እኔ ዞረች። «ማዕረግ፣ ፎቶ ቤት ነበራችሁ?»

አፌን በሁለት እጄ ያዝኩ። «አልናገርም።»

«የማን ምሥጢር ነው?»

«የአባባ። ክርስትናው ሲደርስ ይነገርሻል። ደስ ይልሻል።»

«ደስ ይለኛል?»

«በጣም።»

አየችኝ። ፊቴ ላይ ያለውን ደስታ ለረጅም ጊዜ ስታየው ቆየች። እኔ ልትደርስበት ነው ብዬ ፈራሁ፤ ለካ ከእኔ በፊት ባዶው ቦታ ሁሉንም ነግሯት ነበር። በኋላ፣ እኔም የመጀመሪያዬን ወልጄ እሷ ልታርሰኝ በመጣች ጊዜ፣ «ያን ዕለት ለምን አልጮህሽም?» ብያት ነበር። «አፌን ከፍቼ ነበር እኮ» አለችኝ። «አንቺ ሳቅሽ። ከዚያ ደግሞ እሱ አለቀሰ።»

እውነቷን ነው፤ ሕፃኑ ያኔ ማልቀስ ጀመረ። እናቴ ሥዕሎቹን አንድ በአንድ ሰብስባ ሳጥኑ ውስጥ ከተተች። ልጁን አነሣችው። ጡቷን አጉርሳው ቀና ብላ ጣራውን አየች። «ጥባ» አለችው። «ጥባ ልጄ፣ ሌላው ይደርሳል።» ከጠባ በኋላ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ወደ ውጭ ተጣራች፤ «እትዬ፣ ገንፎ አገንፊልኝ። ቅቤውን አብዢው።»

እትዬ ተሾመች ደስ አላት። እናቴ ከወለደች ጀምሮ ምግብ በልመና ነበር የምትበላው። ከዚያ ቀን ወዲያ ግን አበላሏ የአጫጅ ሆነ። አጥሚቱን አንዴ ትጨልጠዋለች፤ አብሹን አምጡ ትላለች፤ ተልባውን አምጡ ትላለች። ዓይኗን ጨፍና ነው የምትበላው። እኔ አባዬ መምጣቱን ጠርጥራ ወፍራም ሆና ልትጠብቀው ነው አልኩ። አንድ ረፋድ ከቤቱ ኋላ ግድግዳውን ይዛ ስታስመልስ አገኘኋት። አፏን በውሃ አጠበች፣ ወደ ቤት ገባች፣ የተረፈውን ገንፎ ሳበችና እንደገና መብላት ጀመረች። ቅቤው በዝቶባት ነው ብዬ ለእትዬ ተሾመች ተናገርኩ።

ፎቶዋ ወደ ሳጥኑ ተመልሳ ነበር። እትዬ ተሾመች በችኮላ ከባሕሩ ሥር ከትታታለች። እናቴ ስትከፍት አየቻት፤ ምንም ሳትል አወጣቻትና ከሁሉ በላይ በቦታዋ አኖረቻት። እትዬ ተሾመች ምድጃው አጠገብ ሆና የምትቆላውን ገብስ አሳረረችው።

«ስለዚችስ ምን ትያለሽ?» አልኳት እናቴን የአባዬን ፎቶ እየጠቆምኩ። ስለ ሌሎቹ ሁሉ ስትል ስለ እሷ ብላ አታውቅም ነበር።

«ስለ እሷ ክርስትናው ካለፈ በኋላ እናገራለሁ» አለችኝ።

አያቴ በየቀኑ እየመጡ ጸበል ይረጩናል። ካባቸውን ሰብስበው በርጩማው ላይ ይቀመጣሉ። «ልጁ ይጠባል?» ይላሉ። «ይጠባል አባቴ፣ ይመስገን» ትላለች። «ገብሱ እንዴት ነው?» ትላቸዋለች፤ «ዘንድሮ በልጉ ሰምሯል» ይሏታል። አያቴ ልጃቸውን ቀብረው መጥተዋል፤ ማለት በልባቸው። እሷም ባሏን ቀብራለች። ሁለቱም አንዱን ሌላው እንዳያውቅበት ሬሳውን መሀላቸው አጋድመው ስለ ገብስ ያወራሉ። እሳቸው ደህና ዋይ ብለው ሲወጡ እናቴ ሁልጊዜ ከመቀመጫዋ ተነሥታ ጎንበስ ትላለች። አራስ ለማንም አትነሣም፤ አስተውዬ ነበር። አክብሮት መሰለኝ። አሁን ሳስበው፣ ልጃቸው ስለሞተባቸው የምታለቅስላቸው በዚያ ነበር።

የክርስትናው ቀን ደረሰ። ንጋት ላይ ቤተ ክርስቲያን ሄደን ሕፃኑ ተጠመቀ፤ ወልደ አማኑኤል ተባለ። የሐዋርያት ጾም ገብቶ ስለነበር ድግሱ የጾም ነው። ጎረቤቱ ሁሉ መጣ። እንግዳ ግን እንግዳ አይመስልም፤ ቀመስ ያደርጋሉ፣ «እደግ፣ ተመንደግ» ይላሉ፣ ድምፃቸው ወደ ታች ነው። ዘፈን የለም። ከዚያ ሁሉ ጋን የተከፈተው ሁለቱ ብቻ ነው። እኔ ስለ ድግሱ ምን ገዶኝ፤ አዲስ ቀሚሴን ለብሼ የግቢያችን የድንጋይ አጥር ላይ ወጥቼ ከሞላሌ የሚመጣውን መንገድ አያለሁ፤ አልፎ አልፎም ሰማዩን።

ቀኑ ዋለ። ሰው እየተሰናበተ ሄደ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ብርዱ መጣ። ሰው ከሩቅ ባየሁ ቁጥር እሱ ነው እላለሁ፤ ሲቀርብ ሌላ ይሆናል። እናቴ ልጁን ታቅፋ ወጣች።

«ግቢ፣ ትታመሚያለሽ።»

«ትንሽ ልቆይ።»

«ማንን ነው የምትጠብቂው?»

አልነገርኳትም። ምሥጢሩን አላበላሽም ብዬ ነው። እሷም ደግማ አልጠየቀችኝም። በኩታዋ ጠቅልላኝ አጠገቤ ቆመች። መንገዱን አብራኝ አየች። ሦስታችንም እዚያው ቆምን፤ ልጁ እየጠባ፣ እኔ መንገዱን እያየሁ፣ እሷም እያየች። መሽቶ መንገዱ አልታይ ሲለኝ እጄን ይዛ አስገባችኝ። አንጀቷ እንዴት እንደቻለ አላውቅም። እኔ የሦስት ልጆች እናት ሆኜም አላውቀውም።

ጎህ ሲቀድ የእግር ኮቴ ቀሰቀሰኝ። የአንድ ሰው አይደለም፣ የብዙ ሰው። ግን የሚያወራ የለም። መጣ አልኩ። ባዶ እግሬን ወደ በሩ ስሮጥ እናቴ ምድጃው አጠገብ ቁጭ ብላ ልጁን እያጠባች ነው። ልብሷን ለብሳለች። ጨለማ ስለነበር ምን እንደለበሰች ልብ አላልኩም።

በሩን ገፍቼ ወጣሁ። ጭጋግ ነው። ግቢው በሰው ተሞልቷል፤ ሁሉም ነጠላውን አዘቅዝቆ ቆሟል። ከመሀላቸው የአባዬ ፊት ብቅ አለ። ትልቅ ነው። ደረቱ ድረስ ይታያል፤ በርኖሱን ደርቧል፤ ትንፋሹን እንደዋጠ ነው። ከሥሩ ሱሪ የለበሰ እግር አየሁ።

«አባዬ» ብዬ ሮጥኩ።

ሰዉ መንገድ ለቀቀልኝ። ያን አልረሳውም፤ ያን ሁሉ ሰው አንድም የሚይዘኝ አልተገኘም። ደርሼ ከፍሬሙ ኋላ ዞርኩ። ፎቶውን ደረቱ ላይ አስደግፎ የያዘው ወንድምአገኝ ነው። ክራንቹን ብብቱ ሥር አድርጎ እንባው በጢሙ ላይ ይወርዳል። ከእሱ ኋላ አየሁ። አጥሩ ነው ያለው። ከአጥሩ በላይም ጭጋጉ። እትዬ ተሾመች መጥታ ከወገቤ አነሣችኝና ፊቴን አንገቷ ውስጥ ቀበረችው።

አያቴ ወደ በሩ ሄዱ። ዕድሜያቸውን ሙሉ የሰው ቤት እያንኳኩ መርዶ የነገሩ ሰው ናቸው፤ ለዚህ የሚሆን ቃል በግዕዝም በአማርኛም አያጡም። ያን ቀን ግን መስቀላቸውን ይዘው በሩ ላይ ቆሙና ያገኙት ስሟን ብቻ ነበር። «ልጄ ትርሲት» አሉ።

እናቴ ራሷ ወጣች። ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳለች፤ ወገቧን በመቀነት ጠበቅ አድርጋ አስራለች። ወልደ አማኑኤል ክንዷ ላይ ተኝቷል፤ ከከንፈሩ ዳር ወተት ይንጠባጠባል።

«አይቸገሩ አባቴ» አለቻቸው። «ፎቶዋ ከወጣች ጀምሮ አውቄያለሁ።»

አያቴ ያ ሁሉ ሰው እያየ ደጃፉ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። «ይህን ሁሉ ቀን?» አሉ። «ከእኛ ጋር እየተጨዋወትሽ?»

«ከነገራችሁኝ አለቅሳለሁ። ካለቀስኩ ይደርቃል። አንዱን እንደዚያ ሰጥቻለሁ፤ ሁለተኛውን አልሰጥም አልኩ።» ልጁን ለእትዬ ተሾመች አቀበለቻት። እኔ ወረድኩ፤ እሱ በቦታዬ ወጣ። «ጠግቧል። ከታች ቤት ውሰጂልኝ፣ ድምፄን እንዳይሰማ።»

ጡቷ ለጥቂት ቀን ነጠፈ፤ ከዚያ ተመለሰ። ወልደ አማኑኤል ዛሬ የደብረ ብርሃንን መንገድ የሚመላለስ ሹፌር ነው። ያን ጠዋት ግን ይህን የሚያውቅ አልነበረም፤ እትዬ ተሾመች ልጁን አቅፋ ቁልቁለቱን ስትሮጥ ሰው ሁሉ በዓይኑ ሸኛት። እናቴም ቆማ አየቻት። ከታች የአያቴ ቤት በር ሲከፈትና ሲዘጋ እስኪሰማ ድረስ ጠበቀች።

ከዚያ ግቢውን አቋርጣ ወደ ፎቶው ሄደች። ሰው እንደ እኔ ለእሷም መንገድ ለቀቀ። ፊት ለፊቱ ቆመች። እንደ ሰው ነው ያነጋገረችው።

«ባስልዮስ» አለችው፤ «አስጠበቅሁህ። ልጅህን እያጠባሁ ነበር።»

ከዚያ አለቀሰች።